ግራጫው መጽሐፍና ያልተገፋው በር

ሐጂ ባህረዲን የጁምዓ ሶላታቸውን ጨርሰው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላምታ ካወረዱ በኋላ፣ ገና መስገጃቸውን ሳያጥፉ፣ የጎረቤታቸውን በር ሳብ አደረጉ። ከሶላት ሲነሱ «አገኘሁ፣ ክፈት እንግዲህ!» ማለት የየሳምንቱ ወጋቸው ነበር። ያን ዕለት ግን በሩ ሳይጠሩ ተከፈተላቸው፤ መወርወሪያው አልተቀረቀረም። ከውስጥ በሩ ላይ ተደግፎ የነበረው መነጽር ሠሪው አገኘሁ ወደ ውጭ ተንሸራቶ መስገጃው ላይ ወደቀ። ፊቱ ቀልቷል። ሐጂ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ፤ ምንም አልሰሙም።

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ከአንዋር መስጊድ ወደ ራጉኤል በሚወስድ አንድ ጉራንጉር ውስጥ ነው። መርካቶ ወሬ አታሳድርም። ሻምበል ደመቀ ከፖሊስ ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ሰፈሩ ገዳዩን ለይቶ፣ መስክሮ፣ ፈርዶም ጨርሶ ነበር።

«ሰላሁዲን ነው፣ ጌታዬ» አለው አሥር አለቃው፣ ደረቱን ነፍቶ። «አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ። በጓሮ በኩል ያለችውን የጭስ መውጫ በጆንያ ወትፎ በከሰል ጭስ ገደለው። ጆንያው የራሱ ነው፤ መጽሐፍ የሚጠቀልልበት። ትናንት ደግሞ ሟቹ ‹ሁለት ዓመት አቃጠልከኝ!› እያለ ሲጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ይዘን አስረነዋል።»

«ጎሽ» አለ ሻምበል ደመቀ። «ታዲያ እኔን ምን ልሠራ ጠራችሁኝ?»

አሥር አለቃው ማሾፍ ይሁን ምስጋና ስላልገባው ቆቡን አስተካከለ። ሻምበል ደመቀ ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ትዕግሥቱ ሰውን የሚያስጨንቅ ሰው ነበር። ነገር ሲጠፋበት መነጽሩን ይጠርጋል፣ ሲገባው ያወልቀዋል። ያን ዕለት ሲጠርግ ዋለ። መነጽሩን የሠራለት ይኸው አሁን በነጠላ የተሸፈነው ሰው ነበር።

ሱቁ አንዲት ክፍል ናት። ወደ መንገዱ አንድ በርና አንድ መስኮት፣ በኋላ ግድግዳ ላይ ከጣሪያው ሥር አንዲት የጭስ መውጫ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ አምፖሉ ይበራል። መሬት ላይ የከሰል ምድጃ አመድ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትንንሽ ክብ ብርጭቆዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቀዋል፤ ነገር ግን ጠርዝና ጠርዛቸው አልገጠመም፤ የላይኛው ተንሸራቶ ነው የያዘው። አጠገባቸው አራት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሉ፦ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እና ጥጉ የተቃጠለ ቀጭን ግራጫ።

ሻምበል ደመቀ ወደ በሩ ተመለሰ። ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

«መወርወሪያውን ማን ሳበው?»

«ራሱ ይሆናላ፣ ጌታዬ።»

«ራሱ ከሳበው ለምን ገፍቶ አልወጣም? እስከ በሩ ለመምጣት ጉልበት ያለው ሰው፣ መወርወሪያ ለመሳብ ጉልበት ያለው ሰው፣ መዝጊያ መግፋት ያቅተዋል?»

አሥር አለቃው በሩን አየ፤ በሩም አሥር አለቃውን አየው። ከሁለቱም መልስ አልተገኘም።

የሟቹ ሚስት እትዬ ቦሰና በጓሮው ቤት ከልጃቸው ከሠርኬ ጋር ተቀምጠዋል። አልቅሰው አልቅሰው ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ሠርኬ ከልጅነቷ ዓይኗ ደካማ ነው» አሉ። «የሰው ቁመና ታያለች፣ ፊት አይለይላትም። ሐኪም ቤት ብንወስዳት መነጽር አይረዳትም አሉን። አባቷ ግን ‹አንድ ሌንስ ካልረዳት ሁለት ሦስት አጋጥሜ እሠራላታለሁ› ብሎ ተነሳ። የሚያውቀው በታዘዘው ቁጥር መሞረድ ነው። ከባዶ ተነስቶ አዲስ ሌንስ ማስላት ሌላ ትምህርት ነው ቢሉት፣ መጽሐፍ መግዛት ጀመረ። እንግሊዝኛ አያውቅ! መምህር አሸብር እየመጣ ያነብለታል።»

«የጭስ መውጫዋ ዛሬ ክፍት ነበረች?»

«ከሠርኬ ጋር ወፍጮ ቤት ስንሄድ ክፍት ነበረች። ከሰሉንም ደጅ አቀጣጥዬ፣ ነጭ እስኪሆን አቆይቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ሁለቱን ብርጭቆ የሚያጣብቅበት ሙጫ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይይዛል አለኝ። እስኪይዝ ድረስ ግን ጠረጴዛው መነቃነቅ የለበትም።»

«ታዲያ በጠራራ ፀሐይ፣ በመርካቶ መሃል?»

«መርካቶ ጸጥ የምትለው በጁምዓ ሰዓት ነው፣ ጋሼ። ካሚዮን የለ፣ ጋሪ የለ፣ ኩሊ የለ። ጎረቤቶቹ ሲሰግዱ እሱም ለክብራቸው በርና መስኮቱን ዘግቶ ሞረዱን ያቆማል፤ ከጥንት ልማዱ ነው። ያቺን ጸጥታ ለልጁ ሌንስ ሊጠቀምባት ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ ነበር።»

ሠርኬ ሃያ ዓመት የሞላት፣ አንገተ ረጅም ልጅ ናት። ወደ ሻምበሉ ድምፅ ዞረች።

«ሌንሱ አለ?»

ሻምበል ደመቀ የተንሸራተተውን ብርጭቆ አስታወሰ። «አለ፣ ልጄ» አለ። ወሬውንም ቀየረ። «መምህር አሸብር ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጨዋ ነው። ሲያነብ ድምፁ ደስ ይላል። ሊያገባኝ ይፈልጋል፤ አባቴም ያውቃል። ምን ትመስላለህ ብዬ ጠይቄው፣ ጠይም ነኝ፣ ፊቴ ለስላሳ ነው አለኝ።» ፈገግ ልትል ቃጥቷት ነበር፤ ለቅሶው ቀደማት።

ሰላሁዲን በእስር ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ ሻምበሉን ሲያይ ተነሳ። ወጣት ነው፤ መጽሐፍ እየሸጠ መጽሐፍ የማያነብ ሰው።

«ወላሂ፣ ጌታው፣ እኔ እጄ የለበትም! ለሶላት አርፍጄ ደርሼ ቦታ ጠፋ። ሐጂ ባህረዲን ከመስገጃቸው ግማሹን ሰጥተውኝ ከሳቸው ጎን ነው የሰገድኩት። ለፖሊሱ ብነግረው ‹ጓደኛሞች ናችሁ› አለኝ።»

«ለምን ጮኸብህ?»

ሰላሁዲን አንገቱን ደፋ። «በግራጫው መጽሐፍ ነው።»

«ለመሆኑ ሌንስ መሥራት ለሚማር ሰው ከአራቱ የትኛው ነው ጥሩ?»

«እኔ መጽሐፍ በክብደቱና በልባሱ ነው የማውቀው፣ ጌታው። መራጩ መምህር አሸብር ነው። መጀመሪያ ጥቁሩን አስገዛው፣ ከዚያ ቀዩን፣ ከዚያ ሰማያዊውን። ጋሼ አገኘሁ በእያንዳንዱ ስንት ወር ለፋ፤ ውሃ ወቀጣ! በኋላ አንድ ህንዳዊ መምህር መነጽር ሊያሠራ መጥቶ ሦስቱንም ገለጠና ሳቀ። ጥቁሩ ሥራውን አስቀድሞ ላወቀ ሰው የተጻፈ ነው፤ ከቁጥር በቀር የለውም። ቀዩ የሌንስን ታሪክ ያወራል እንጂ አሠራሩን አያስተምርም። ሰማያዊው ስለ ኮከብ መመልከቻ መስተዋት ነው፤ መስተዋት ደግሞ ሌንስ አይደለም። ‹ለጀማሪ የሚሆነው ከአንድ ሌንስ ተነስቶ፣ የብርሃኗን ጨረር በእጅህ እያሰላህ እንድትከተላት የሚያደርግ፣ ያሰላኸውንም ሠርተህ እንድታየው የሚያዝህ ነው› አለ። ከዚያ እኔ ሱቅ ገብቶ ከመደርደሪያዬ ሥር ግራጫውን ጎትቶ አወጣ። ‹ይኸው› አለ።»

«ከመደርደሪያ ሥር?»

ሰላሁዲን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ደብቄው ነበር። መምህር አሸብር ከዓመት በፊት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሱቄ ቆሞ ከዳር እስከ ዳር አነበበውና ‹ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ሽማግሌው ጊዜውን እንዳያባክንበት ደብቅልኝ› አለኝ። የተማረ ሰው ነው ብዬ ደበቅኩ። ሐሙስ ዕለት ጋሼ አገኘሁ መጽሐፉ ድሮም እኔ ጋ እንደነበር ሰማ። ያስደበቀኝ መምህሩ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ‹ልጄን ሊያገባ የሚያስብ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?› ብሎ ጮኸብኝ። ሳንታረቅ ሞተ።»

«ህንዳዊውስ?»

«ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ገባ።»

መምህር አሸብር በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀበለው። መስኮቱን በጀርባው አድርጎ ተቀመጠ። እንዲያም ሆኖ የፈንጣጣ ጠባሳ ፊቱን ከግንባር እስከ አገጭ እንደቆፈረው ሻምበል ደመቀ አየ። አየና ስለ ለስላሳው ፊት አንድም ነገር ሳይናገር ቁጭ አለ።

«አባቴ ማለት ነበሩ» አለ አሸብር፤ ዓይኑ እውነትም አብጧል። «ምን ልርዳዎ?»

«መጽሐፎቹን ስትመርጥለት በምን ነበር የምትመርጠው?»

«በግምት። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ሻምበል። እንግሊዝኛውን አነብላቸው ነበር እንጂ ስለ ሌንስ የማውቀው ነገር የለም። ተሳሳትኩ። ብዙ ጊዜ አባከንኩባቸው።»

«ማን የማይሳሳት አለ?» አለ ሻምበል ደመቀ፣ መነጽሩን እየጠረገ። «እኔም ዘንድሮ ከዚህ መነጽር ጋር ተኳርፈናል፤ ጽሑፍ ይደበዝዝብኛል። የሠራልኝ ሰው ደግሞ ሞተ።»

«ወደ አፍንጫዎ ጫፍ ዝቅ ያድርጉት። የንባብ ሌንስ ከዓይን ራቅ ሲል ኃይሉ ይጨምራል።»

ሻምበል ደመቀ ዝቅ አደረገው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ካርታ ፊደሉ ጠራለት። «እግዜር ይስጥህ» አለ፤ ከልቡም ነበር። «ዓርብ ዕለት የት ዋልክ?»

«ዓርብ ሁልጊዜ ክፍል አለኝ፤ ያን ዕለት ግን ሲያጣብቁ ለማየት ፈቃድ ወሰድኩ። በጁምዓ ሰዓት ደርሼ የፊት ለፊቱን በር ደጋግሜ አንኳኳሁ። መልስ የለም። መንገዱም ጭር ብሏል። አረፍ ብለው ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።» ዓይኑን አበሰ። «ሰብሬ ብገባ ኖሮ!»

ሻምበል ደመቀ ሲመለስ በሐጂ ባህረዲን የጨርቅ ሱቅ ጎራ አለ። ሐጂ የሸጡትን ጨርቅ በክንድ ይለካሉ፤ መልሰው ይለካሉ፤ ቁጥሩ እየጠፋባቸው።

«መስገጃዎ የት ነበር፣ ሐጂ?»

«ከበሩ ሥር። ዓመቱን ሙሉ ቦታዬ ነው። ሱጁድ ስወርድ ግንባሬ መድረኩ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰላሁዲንም ግማሹን ይዞ ከጎኔ ነበር። ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ።»

«የሰሙት ነገር አለ?»

ሐጂ ጨርቁን አስቀመጡ። «መወርወሪያው ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ሶላት ላይ ነበርኩ። ሊወጣ ነው ብዬ አሰብኩ። አልወጣም።»

ሻምበል ደመቀ መነጽሩን አወለቀ። ምን እንደገባው ግን ለሐጂ ሊነግራቸው አቅም አጣ። እንዲህ ያለውን እውነት ለአንድ ሽማግሌ በምን አፍ ይነግሩታል?

በሳምንቱ ዓርብ፣ ሶላቱ ከመድረሱ በፊት፣ ሁሉንም በአገኘሁ ሱቅ ሰበሰባቸው። እትዬ ቦሰናና ሠርኬ በአንድ አግዳሚ፣ ሐጂ በሟቹ ወንበር፣ ሰላሁዲን ከአሥር አለቃው ጋር፣ አሸብር ከጥላው በኩል፣ ከሠርኬ ራቅ ብሎ።

«ከመጽሐፎቹ እንጀምር» አለ ሻምበል ደመቀ፣ እጁን አራቱ ላይ አሳርፎ። «ሰው ሳያውቅ ሲመርጥ አንዴ ይስታል፣ አንዴ ይመታል። መምህር አሸብር ግን ለሁለት ዓመት አንድም ቀን አልመታም። ጥቁሩ ሲከብድ ቀዩን አመጣ፤ ቀዩ ባዶ ሲሆን ሰማያዊውን አመጣ። ትክክለኛውን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አስደበቀው። ሁልጊዜ ለመሳት ዒላማው የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።»

«እኔ ስለ ሌንስ አላውቅም ብዬዎታለሁ» አለ አሸብር።

«ብለኸኛል። ወዲያው ግን መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አስወረድከኝ፤ ሌንስ ከዓይን ሲርቅ ኃይሉ እንደሚጨምር ነገርከኝ። እኔ ስንት ዓመት ሳደርገው ያላወቅኩትን ነው የነገርከኝ።»

አሸብር ወደ ጥላው ይበልጥ ተጠጋ።

«ሁለተኛው ጆንያው ነው። ጆንያው የሰላሁዲን ነው፤ ግን ጓሮው ውስጥ ተከምሮ የሚውል ጆንያ የእጅ ፊርማ አይደለም። ሰላሁዲን ከመስገጃው ግማሽ ላይ ነበር። እትዬ ቦሰናና ሠርኬ ወፍጮ ቤት ነበሩ፤ ባለ ወፍጮው መስክሯል። ጓሮውን የሚያውቅ፣ በዚያ ሰዓት ሙጫ እንደሚሞቅ የተነገረው አንድ ሰው ቀረ።»

«እኔ የመጣሁት በፊት ለፊት ነው! አንኳኩቻለሁ!»

«እሱን ላሳይህ» አለ ሻምበል ደመቀ፤ መስኮቱንም ከፈተው።

መንገዱ አይታይም። ከመስጊዱ በር ጀምሮ እስከ ጉራንጉሩ ጫፍ ሰው በሰልፍ ተቀምጧል፤ መስገጃ ከመስገጃ ተገጣጥሞ፣ ጉልበት ከጉልበት ተነካክቶ። ሰልፉ የሱቁን መድረክ ተደግፏል። ያ ሁሉ ሰው ሆኖ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የኢማሙ።

«ሂድና በሩን ከውጭ አንኳኳልኝ፣ መምህር» አለ ሻምበል ደመቀ በለሆሳስ። «በማን ራስ ላይ ተራምደህ እንደምትደርስ አያለሁ።»

አሸብር ወደ መስኮቱ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«አንተ ዓርብ ዓርብ ክፍል ስላለህ ይህን አይተህ አታውቅም። አገኘሁ መንገዱ ጸጥ ይላል ሲልህ፣ ባዶ ስለሚሆን መሰለህ። መርካቶ በጁምዓ ጸጥ የምትለው ስለምትሞላ ነው። አንተ የመጣኸው በጓሮው አጥር በር ነው። መንገዱን ሳታይ ነው ጭር ማለቱን የነገርከኝ።»

አሸብር ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ ሻምበል ደመቀ። ወደ ሐጂ ዞረ፤ ይህን ሊናገር ሳምንቱን ሙሉ ፈርቶ ነበር። «ያልተገፋው በር። አገኘሁ ራሱን ሲያዞረው እጁን ከሌንሱ አንስቶ፣ እየተንገዳገደ መጥቶ መወርወሪያውን ሳበ። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ቢገፋው የሐጂን ግንባር ይመታል፤ ሱጁድ ላይ ናቸው። ትንሽ ድካም መሰለው። ሶላቱ እስኪያልቅ ልጠብቅ አለ።»

ሐጂ ባህረዲን እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፤ ያ ግንባር የሚያርፍበትን መድረክም አዩ። «ቢገፋኝ ምን ነበር?» አሉ እንደ ልጅ። «አገኘሁ፣ ቢገፋኝ ምን ነበር?»

ሻምበል ደመቀ ሰላሁዲንን እንዲፈቱት ምልክት ሰጠ። ደጁ ላይ የተቀመጡት ፈቀቅ ብለውላቸው ሁለቱ ለሶላታቸው ወጡ፤ ሐጂ በሰላሁዲን ክንድ ተደግፈው።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ አሸብር በመጨረሻ። «እምላለሁ! ራሳቸውን ሲያዞራቸው ሥራውን ይተዉታል፣ ሙጫው ይበላሻል አልኩ። ግራጫው መጽሐፍ ከመጣ ወዲህ በሐሰት ላነብላቸው አልቻልኩም፤ ሥዕሉ ይመሰክርብኛል። ባነበብኩ ቁጥር ሌንሱ ወደኔ ሲመጣ ይታየኝ ነበር።»

«ጆንያውን ወትፈህ ሄድክ» አለ ሻምበል ደመቀ። «ተመልሰህ አልነቀልከውም።»

«አልነቀልኩም» አለና አለቀሰ። «ሠርኬ፣ የነገርኩሽ ፊት የኔ አይደለም።»

ሠርኬ ተነሳች። «ሌንሱን ስጡኝ» አለች። ሻምበል ደመቀ አባቷ ቀድሞ ባዘጋጃት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ሌንሱን ከትቶ በእጇ አስያዛት። ዓይኗ ላይ አድርጋ ድምፁ ወደሚመጣበት አዞረችው።

«ቀይና ሰማያዊ ነው» አለች ከብዙ ጊዜ በኋላ። «ፊት አለ፣ ግን ቀለሙ ይጎተታል፤ ይሸሻል። ጠባሳህ አይታየኝም።»

አሸብር ቀና አለ። «ጠባሳ?»

«እቤታችን የመጣህ ዕለት እማዬ ነግራኛለች። ከመጀመሪያው አውቃለሁ። ሌላ ፊት ስትነግረኝ ደስ ሲልህ ሰማሁና ተውኩህ።» ቱቦውን ከዓይኗ አወረደች። «አባቴን በምን ምክንያት ገደልከው? ለማውቀው ነገር?»

ስንት ዓመት ወንጀለኛ ሲያስለፈልፍ የኖረው ሻምበል ደመቀ ወደ መሬት አየ።

«ሙጫው እንደገና ሲሞቅ ይላቀቃል» አለ አሸብር፣ በጉልበቱ ወደሷ እየተጠጋ። «የሁለቱን መሃል ማገናኘት ብቻ ነው የቀረው፤ ሌላ ሠሪ ቢገኝ ይችለዋል። እንዴት እንደሚደረግ ግራጫው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ይፍረዱብኝ፤ እስር ቤትም ሆኜ ቃል በቃል አነብልሻለሁ።»

«አንተ ያነበብክልኝ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለች ሠርኬ። «ሥዕሉ እንዳይመሰክርልኝ፣ እኔ አላየው።»

እትዬ ቦሰና ተነስተው፣ ባላቸው በየሳምንቱ ያደርገው እንደነበረው፣ ለሰጋጆቹ ክብር መስኮቱን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ። ከመዝጋታቸው በፊት ሻምበል ደመቀ ወደ ውጭ አየ። ሐጂ ባህረዲን መስገጃቸውን ከመድረኩ ስበው ሰውን እያስጠጉ ነበር፤ አንድ መዝጊያ ተከፍቶ ሰው የሚወጣበት ያህል ቦታ ባዶ ተዉ።

ኢማሙ ሶላቱን ጀመሩ። አሥር አለቃው የአሸብርን እጅ በካቴና አስሮ ወደ በሩ ሊያመራ ሲል ሻምበል ደመቀ ክንዱን ያዘው። መወርወሪያው ተስቧል፣ ከውጭም ቦታ አለ። ግን በሩን መግፋት አልሆነለትም።

«እስኪጨርሱ እንጠብቅ» አለ።

ተቀመጡ። እናትየው፣ ልጅቱ፣ ገዳዩ፣ ሁሉም በዚያች ክፍል። ሻምበል ደመቀ የሚያደርገው ቢያጣ ግራጫውን መጽሐፍ አንስቶ ገለጠው። ጽሑፉ ደበዘዘበት። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደው፤ የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ በአንድ ጠርቶ ወጣ። አንዱንም ቃል አያውቀውም ነበር። ሶላቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን ገጹን ሳይገለብጥ አተኩሮ አየው።